በመነሣት ወንጀል የተከሰሰችው ሰኪና

ሰው ሁሉ ሕልም የሚያየው ሌሊት ነው፤ ሰኪና ይመር ግን ያን ሕልም ያየችው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኮምቦልቻ መውጫ ላይ ባለው በአባቷ ጎሚስታ ቤት ውስጥ ነበር። እዚያ ቤት ከአሮጌ ከባድ መኪና ላይ ተነቅሎ የመጣ ወንበር አለ፤ ደንበኛ ጎማው እስኪጠገንለት የሚቀመጥበት። ሰኪና እሱ ላይ ጋደም አለችና «አምስት ደቂቃ ብቻ አባባ» አለች።

«አምስትም ይሁን አምሳ፣ ተኚ ልጄ» አላት አባቷ ጋሽ ይመር።

እንቅልፍ ቢጥላት አይፈረድባትም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውጤት ሊለቀቅ ነው ከተባለ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሦስቱንም ቀን ዐይኗ ከስልኳ ላይ አልተነቀለም። ኔትወርኩ ሲመጣ ትነሣለች፣ ሲጠፋ ትቀመጣለች፤ የበላችውን አታውቅም፣ የጠጣችውን አታውቅም።

ፈተናውን ስትፈተን ይህ ሁለተኛዋ ነው። አምና ከስድስት መቶ ሁለት መቶ ሰባ አንድ አመጣች። ማለፊያው ሦስት መቶ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ከክፍሏ አንደኛ ወይ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ ስለሆነች፣ ከእሷ ይበልጥ የደነገጠው ሰፈሩ ነበር። ድንጋጤው ሳምንት ሳይሞላው ወደ ምክር ተለወጠ። የአባቷ እኅት ዘምዘም «ዕድሏ እስከዚህ ነው፤ ፓስፖርት ታውጣና ዐረብ አገር ትሂድ፣ አለዚያም ደህና ሰው ከመጣ ትዳር» አለች። ሌላው «አጥብቃ ስላነበበች ነው የጠፋባት» አለ። ጋሽ ይመር ግን በማግሥቱ ጎማ የሚያከማችበትን የጓሮ ክፍል ባዶ አደረገና አንድ ጠረጴዛ አስገባ፤ አንድ አምፖል ሰቀለ። ከዚያ ልጁን ጠርቶ «ይኸው» አላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ፈተና ትንፍሽ አላለም።

ሰኪና በግል ተፈታኝነት ተመዘገበች። ጠዋት ጠዋት ከአባቷ ጋር ጎማ ትፈታለች፤ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ገብታ ታነባለች። አምና የሸመደደችውን ሁሉ እርግፍ አድርጋ ትታ ከዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ጀመረች። ግፊት ማለት ምን እንደሆነ የገባት ኮምፕሬሰር ስትለካ ነው፤ ጉልበት ማለት ምን እንደሆነ የገባት ክሪክ ስትጫን። የሒሳብ መምህሯ መምህር ደምለው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ፣ የተደራረበ ጎማ ላይ ተቀምጠው ያልገባትን ያስረዷት ነበር። ዘንድሮ ተፈትና ስትወጣ «እንዴት ነበር?» ሲሏት «ቢያንስ የማላውቀው የቱ እንደሆነ አውቄዋለሁ» አለቻቸው። መምህሩም ሳቁና «በቃ፣ ተምረሻል» አሏት።

እንግዲህ እንዲህ ሆና ነው የተኛችው። ገና ዐይኗ ከመከደኑ አንድ ትልቅ ጎማ እየተንከባለለ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ጎማ ነው። አንድ ሰው እንደ ባዶ ጆንያ አጣጥፎ ተሸክሟል።

«ጎሚስታ አለ?» አለ ጎማው።

«አለ፤ ምን ልርዳህ?»

«ሾፌሬ ተነፈሰብኝ። ከሚሌ ጀምሮ ሲተነፍስ ነው የመጣው። ምስማር ሳይገባበት አልቀረም።»

ሰኪና አልገረማትም፤ በሕልም የሚገርመው ሰው የለም። ሾፌሩን ተቀብላ ውኃ ውስጥ ነከረችው። አረፋው በግራ ብብቱ በኩል ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቦታውን ሞርዳ፣ ማስቲሽ ቀብታ ለጠፈችውና የኮምፕሬሰሩን ቱቦ አፉ ላይ ሰካች። ሾፌሩ ቀስ በቀስ ቅርጽ ያዘ። መጀመሪያ እግሩ ሞላ፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ በመጨረሻ ጉንጩ። ከዚያ ዐይኑን ገልጦ አያት።

«ሰኪና ይመር ማለት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ለፈተና ትፈለጊያለሽ። ተነሺ እንሂድ።»

«ኧረ እኔ ተፈትኛለሁ! ያውም ሁለቴ!»

«እሱን እዚያው ትነግሪያቸዋለሽ። ቶሎ በይ፤ ትናንት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መድረስ አለብን።»

ጎማው ሁለቱንም አሳፈራቸው። እሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ከሥሩ መሮጥ የጀመረው መንገዱ ነው። ቤቶቹ በጣሪያቸው ተተክለዋል፤ ሴቶች መሠረቱ ላይ ወጥተው ልብስ ያሰጣሉ። ዝናቡ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ደመና ይዘንባል፤ ሰዎች ጃንጥላቸውን ከእግራቸው ሥር ዘርግተው ይራመዳሉ። አንድ በግ እረኛውን በገመድ አስሮ ገበያ ሲነዳ አየች። እረኛው «ባ...» ይላል፤ በጉ «ዝም በል፣ ደረስን» ይለዋል።

መንገዱ መሮጡን ሲያቆም አንድ ታላቅ የዩኒቨርሲቲ በር ፊት ደርሰው ነበር።

በበሩ ላይ የተሰለፈው ተማሪ አልነበረም። ጥቁር ካባ የለበሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ሰልፋቸው ከአጥሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃል። ተማሪዎቹ አጥሩ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እያወዛወዙ ሸንኮራ ይግጣሉ፤ አልፎ አልፎም «ሰልፉን ጠብቁ እንጂ!» እያሉ ይቆጣሉ። ሰኪና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ከፊቷ ያሉት አንድ ቀጭን ፕሮፌሰር ዘወር አሉ፤ ፊታቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ልጄ፣ ሁለተኛ ዕድል ይሰጡናል የሚባለው እውነት ነው?»

«ምነው፣ እርስዎም ወድቀው ነበር እንዴ?»

«አምና ጥያቄ ማውጣት ተፈትኜ ወደቅሁ። ያወጣሁት ጥያቄ መልስ አልነበረውም» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰፈር ውስጥ ቀና ብዬ መሄድ አልቻልኩም። ሚስቴ እንኳ ‹ሰው ዐረብ አገር ሄዶ ይለወጣል› ትለኛለች።»

ሰኪና ይህን ነገር ታውቀዋለች። «ይበርቱ» አለቻቸው። «ከዘጠነኛ ክፍል ይጀምሩ። ያን ጊዜ የሚያሳፍር ይመስላል፤ ኋላ ግን ደስ ይላል።»

ፕሮፌሰሩ ይህን በመዳፋቸው ላይ ጻፉት።

በሩ ላይ መታወቂያ የሚያየው መነጽር ያደረገ አህያ ነው። የሰኪናን የፈተና መግቢያ ካርድ ተቀብሎ አገላበጠ፤ ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ።

«ይህ ፎቶ አንቺን ይመስላል» አለ።

«አዎ።»

«ስለዚህ ያንቺ አይደለም። ተመለሺ።»

«እንዴ! እኔ ነኝኮ!»

«ፈተና ላይ ራሱን የሚመስል ሰው አይገባም። ደንብ ነው።»

ሰኪና ትንሽ አሰበችና ጉንጮቿን ነፋች፤ ዐይኗን አፍጥጣ ምላሷን አወጣች። አህያው መነጽሩን አውልቆ በጆሮው ጠረገና «አሁን ተስተካከለ። ግቢ» አላት።

የፈተናው አዳራሽ ሰፊ ነው። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ጥያቄዎቹ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ እርሳሱን ይዞ ይንቀጠቀጣል። በመካከላቸው የሚዘዋወረው ፈታኝ ደግሞ ዝምታ ነበር፤ አካል የለውም፣ ግን ጫማው ይጮኻል። ሰኪና በስሟ የተዘጋጀውን ቦታ አግኝታ ስትቀመጥ፣ ከፊቷ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ተነሥቶ እጅ ነሣት። አወቀችው። አምና ግማሽ ሰዓት ያስጨነቃት፣ በመጨረሻ በግምት አጥቁራ ያለፈችው ጥያቄ ነው።

«እባክሽ እኅቴ» አለ ጥያቄው ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «አምና በጣም ጨክኜብሽ ነበር። ዘንድሮ እዘኚልኝ።»

«አትፍራ» አለችው ሰኪና። «ቁጭ በል። ቀስ ብለን እንየው።»

ጥያቄውን ፈታችው። ሲፈታ እንደ ታሰረ ሰው ነው የተፈታው፤ እጁን አፍታታ፣ አንገቱን አዟዟረ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ስንት ዓመት ታስሬ ነበር መሰለሽ!» ብሎ በመስኮት ወጥቶ ሄደ። ሌሎቹ ይህን ሲያዩ ተራ በተራ ወደ እሷ ጠረጴዛ መጡ። ሰኪና ትፈታለች፤ እነሱ ይሄዳሉ። አንዳንዱ እምቢ አላት፤ አንዱን የኬሚስትሪ ጥያቄ ብትለው ብትሠራው አልፈታ አለ። «አንተን አላወቅሁህም፤ በሐሰት አላሰናብትህም» ብላ ወደ ቦታው መለሰችው። ጥያቄውም «ለሐቀኝነትሽ ይመስገን» ብሎ ተቀመጠ።

በዚህ መካከል ከኋላዋ «ሰኪና... ሰኪና...» የሚል ሹክሹክታ ሰማች። ዞር ብትል መምህር ደምለው ናቸው። የተማሪ ሸሚዝ ለብሰው፣ ለአንደኛ ክፍል ልጅ በተሠራች ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ነክቶ ተቀምጠዋል።

«ሦስተኛው ስንት ነው?» አሏት።

«መምህር! ይህንኮ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት!»

«እዚህ አገር ገና አላስተማርኩሽም። አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ። ቶሎ በይ፣ ያ ዝምታ እየመጣ ነው!»

ሰኪና ከኪሷ ጎማ መፍቻ አወጣች፤ እንዴት ኪሷ እንደገባ አላወቀችም። «አዩ መምህር» አለች። «ብሎኑ ጠብቆ እምቢ ሲልዎት ከመፍቻው ጫፍ ነው የሚይዙት፣ ከሥሩ አይደለም። እጅዎ ከብሎኑ በራቀ ቁጥር ጉልበትዎ ይበዛል። ጥያቄው የሚለው ይህንኑ ነው፤ ፊደሉ ነው ያስፈራዎት።»

መምህር ደምለው ዐይናቸው በራ። ከትንሿ ወንበር ላይ ዘለው ተነሡና ማንንም ሳይፈሩ አጨበጨቡ። «ገባኝ! ወላሂ ገባኝ!» አሉ፤ መምህር ደምለው ክርስቲያን መሆናቸው ለሰኪና ትዝ ያላት ኋላ ነው። ከዚያ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው «ሰው እንዲህ ሲያስረዳው እንዴት ደስ ይላል! አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ደስ ይልሽ የነበረው ለካ እንዲህ ነው?» አሏት።

«ከዚህ ይበልጥ ነበር» አለች ሰኪና።

ያን ጊዜ ደወሉ ዝም አለ፤ በዚያ አገር ሰዓት ሲያልቅ ደወል ዝም ይላል እንጂ አይጮኽም። የመጨረሻው ጥያቄ ከመሄዱ በፊት አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጣት። ፖስታው ላይ ቁጥር የለም፤ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ብቻ ተሥሎበታል።

«ውጤትሽ ነው» አላት። «ከፍ ብሏል። ምን ያህል እንደሆነ ግን አሁን አይከፈትም። ደብቂው፤ ውጪ ያሉት እንዳያዩብሽ።»

«ምን አጠፋሁና እደብቀዋለሁ?» ብላ ፖስታውን በእጇ እንደያዘች ወጣች።

ከአዳራሹ ውጪ አደባባዩ በሰው ሞልቷል። ታላቅ ድግስ ነው፤ ከበሮ ይመታል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ሁለት ሦስት ወጣቶች በሰው ትከሻ ላይ ተቀምጠው ይጨፍራሉ። ሰኪና «ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ «ውጤታቸው የወረደላቸው ልጆች ናቸው» አሏት። አክስቷ ዘምዘም በመካከል ቆማ ከረሜላ ትበትናለች፤ ራሷ ላይ የሠርግ ሻሽ አስራለች።

«የእኔ ልጅ በዘጠና ወረደ!» ትላለች ዘምዘም። «አልሐምዱሊላህ! ዘጠና ሙሉ! ሌላ ዓመት ቢሰጡት ዜሮ ይገባ ነበር!» ሰኪናን ስታያት ሮጣ አቀፈቻት። «ነይ የወንድሜ ልጅ! አንቺስ ስንት ወረድሽ?»

«አልወረድኩም አክስቴ። ከፍ ብያለሁ።»

ከበሮው ቆመ። እልልታው ከሴቶቹ አፍ ሳይወጣ ተመልሶ ወደ ውስጥ ገባ። አንዲት እናት የልጇን ዐይን በእጇ ሸፈነች። ዘምዘም ከረሜላዋን ከሰው አፍ ሳይቀር መልሳ ሰበሰበችና «አዋረድሽን» አለች። «ከወደቅሽበት ተነሣሽ? በአደባባይ? ለአባትሽ አላዘንሽለትም?»

«አባቴማ ጠረጴዛ ያስገባልኝ እሱ ነው!»

«ይኸው አመነች!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ። ወዲያው ከየት መጡ ሳይባል ሁለት ፖሊሶች ደረሱ። ፖሊሶቹ ፈጠን ፈጠን እያሉ የሚሄዱ ሁለት ቆቆች ናቸው። ካቴና ስላልነበራቸው «እጅሽን ለራስሽ ያዢው» አሏት። ሰኪና በግራ እጇ ቀኝ እጇን ያዘች፤ ፖስታውን በጥርሷ ነከሰችው። እንዲህ ሆና ፍርድ ቤት ገባች።

ዳኛው አባ ኮዳ ነበር። ያ በራው፣ ባለ ረጅም መንቁሩ ወፍ፣ ጥቁር ካባውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በአንድ እግሩ ቆሟል። ሌላውን እግሩን የሚያወርደው ፍርድ ሲሰጥ ብቻ ነው ተባለ። ችሎቱ በሰው ተጨናንቋል። ቀጭኑ ፕሮፌሰር አሉ፤ መነጽራሙ አህያ አለ፤ መምህር ደምለው ከነትንሿ ወንበራቸው መጥተዋል።

«ተከሳሽ ሰኪና ይመር» አለ አባ ኮዳ። «ወድቀሽ ሳለ ተነሥተሻል። በሕጋችን የወደቀ ሰው ወድቆ ይኖራል፤ ሰፈሩም አውቆት ያርፋል። አንቺ ግን ሰው አንዴ ያወቀውን ነገር መልሰሽ እንዳያውቀው አድርገሻል። ምስክር ይግባ!»

ምስክሩ ገባ። ያረጀ ካፖርት የለበሰ፣ ትከሻው የጎበጠ ሽማግሌ ነው። ደረቱ ላይ በትልቁ 271 ተብሎ ተጽፏል። ሰኪና ወዲያው አወቀችው።

«ክቡር ዳኛ» አለ ሽማግሌው፣ «እኔና ይህች ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ አብረን ኖረናል። አብረን በልተናል፣ አብረን ተኝተናል። ሠርግ ቤት ስትገባ ከፊቷ የምገባው እኔ ነበርኩ። ሰዎች ስሟን ሳይጠይቁ እኔን ይጠይቁ ነበር። ለቅሶ ቤት እንኳ አልተለየኋትም። አሁን ግን ልትተወኝ ነው። ሌላ ቁጥር አግኝታለች አሉ። እኔ በዚህ እርጅናዬ የት ልሂድ?»

ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ዘምዘም በሻሿ ጫፍ እንባዋን ጠረገች።

ሰኪና ፖስታውን ከጥርሷ አውጥታ በእጇ ያዘች። አምና ይህን ሰውዬ ስታይ ራሷን ትደብቅ ነበር፤ ሰው ስሙን ሲያነሣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። አሁን ግን ቀረብ ብላ ካፖርቱን አስተካከለችለትና ያልተቆለፈውን ቁልፍ ቆለፈችለት።

«አባቴ» አለችው፣ «እርስዎን አልጠላዎትም። እርስዎንም ያመጣሁዎት እኔ ነኝ፤ ከሌላ ሰው ኮርጄ አላመጣሁዎትም። ያን ጊዜ የማውቀው ያን ያህል ነበር። አሁን የማውቀው ከዚያ ይበልጣል። እንግዳ ሆነው ሲመጡ እቀበልዎታለሁ። አብሬዎት ግን አልኖርም።»

ሽማግሌው አንገቱን ቀና አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። «ይህንስ ማንም አላለኝም» አለ። «የሚያውቁኝ ሁሉ አላውቅህም ነው የሚሉኝ።» ከምስክር ቦታው ወርዶም መምህር ደምለው አጠገብ ተቀመጠ።

አባ ኮዳ ተቆጣ። መንቁሩን ሦስት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ።

«ስሚ ልጅት! ፍርድ ቤቱ ርኅሩኅ ነው። ያን ፖስታ ሳትከፍቺ መልሺና በነፃ ተሰናበቺ። ሁለተኛ እንዳልተፈተንሽ ተደርጎ ይጻፍልሻል። ሰፈሩም እንደ ድሮው ያዝንልሻል፤ ሰው ሲያዝንልሽ መኖር ቀላል ነው። ለመሆኑ በውስጡ ስንት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ የማታውቂውን ነገር ምን ብለሽ ትከራከሪለታለሽ? ሦስት መቶ ባይሞላስ?»

ሰኪና ፖስታውን አየችው። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የነሣት ይኸው ጥያቄ ነበር። ባይሞላስ? የችሎቱ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ፕሮፌሰሩ መዳፋቸውን አጥብቀው ጨብጠዋል።

«ስንትም ይሁን» አለች ሰኪና። «ስንትም ይሁን የእኔ ነው። አንድ በአንድ ለቅሜ ነው ያጠራቀምኩት። ጥፍሬ ሥር ያለውን ጥቁር ታያላችሁ? ግማሹ የጎማ ነው፣ ግማሹ የእርሳስ ነው፤ የቱ የቱ እንደሆነ እኔም አልለየውም። ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ፎቶ ሲልኩልኝ እኔ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ እሠራ ነበር፤ ‹እንዴት ያምርባችኋል› ብዬ መልሼ ደግሞ እሠራ ነበር። ያልገባኝን ‹አልገባኝም› ማለት ተምሬያለሁ፤ እሱ ብቻውን አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ይህን ለማንም አልመልስም። ጎደለም ሞላም፣ ከአምናው ራሴ በልጫለሁ። በዚህ ከሆነ የምከሰሰው፣ አዎ፣ ተነሥቻለሁ! ሦስተኛም ቢያስፈልግ እነሣለሁ!»

መምህር ደምለው ትንሿን ወንበር አንሥተው ከራሳቸው በላይ አወዛወዟት። ቀጭኑ ፕሮፌሰር «እኔም እነሣለሁ!» ብለው ጮኹ። አህያው መነጽሩ ወደቀ። ዘምዘም ሳይታወቃት እልል አለችና ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

«ዝም በሉ!» አለ አባ ኮዳ። ሁለተኛ እግሩን ቀስ አድርጎ ወደ መሬት አወረደ። «ፍርድ ቤቱ ወስኗል። ይህች ልጅ ታች መቀመጥ አልቻለችም። ስለዚህ ወደ ላይ ትጣል!»

ቆቆቹ በግራና በቀኝ ይዘው ወረወሯት። ሰኪና ጣሪያ በሌለው ፍርድ ቤት ውስጥ ወደ ላይ ወደቀች። ሥሩ ሰማይ ላይ የተተከለ ዛፍ አለፈች፤ ደመና አለፈች፤ ከታች የሚያዩዋት ሰዎች እንደ ምስር ፍሬ አነሱ። አልፈራችም። ፖስታውን በሁለት እጇ ይዛ ማሸጊያውን ቀደደችና ወረቀቱን ልትስብ ስትል፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ከባድ የመኪና ጡሩንባ ሰማዩን ሁሉ አናወጠው። ዐይኗን ገለጠች።

ከጎሚስታ ቤቱ በር ፊት ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ቆሟል። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጡሩንባውን ደግሞ ነፋው። ሰኪና በእጇ ፖስታ ስትፈልግ ምንም የለም፤ ስልኳም አጠገቧ የለም። ቀና ብላ ወደ ውጪ አየች።

በመንገዱ ዳር ተደርድረው የቆሙት ጎማዎች ሁሉ በነጭ ቀለም ተጽፎባቸዋል። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አለ። 438። የቆርቆሮው በር ላይ 438። የኮምፕሬሰሩ ሆድ ላይ 438። ትናንት አንድ ደንበኛ ለጥገና ትቶት የሄደው ጎማ እንኳ አልቀረም። ጋሽ ይመር አንድ እጁ ላይ ቡሩሽ፣ ሌላው እጁ ላይ የእሷን ስልክ ይዞ፣ ቀለም ጢሙ ላይ ተንጠባጥቦ፣ የመጨረሻው ጎማ ላይ ይጽፋል። ጋሽ ይመር ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ፊደል አይጽፍም። የሚጽፈው የጎማ ቁጥር ብቻ ነው።

ልጁ መንቃቷን ሲያይ ቡሩሹ ከእጁ ወደቀ።

«መምህር ደምለው ደወሉ» አላት። «በመለያ ቁጥርሽ ገብተው አይተውት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። ልቀስቅስሽ አልኩ፣ ሦስት ቀን ያልተኛሽ ነሽና አሳዘንሽኝ። ዝም ልበል አልኩ፣ አቃተኝ። ምን ላድርግ ታዲያ፣ ልጄ?»

ሰኪና ከወንበሩ ተነሣች። ቁጥሩን አንድ ጎማ ላይ አነበበች፣ ሌላው ላይ አነበበች፣ በሩ ላይ አነበበች። የትም ብታነበው አልቀነሰም።

ሾፌሩ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። «ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። «ምነው፣ ጡሩንባ ስነፋ መልስ ይነሡኛል? ይህ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር የት ድረስ ነው?»

ጋሽ ይመር ወደ ሾፌሩ ዞረ። ትከሻውን ቀጥ አደረገ።

«ኪሎ ሜትር አይደለም» አለው። «ልጄ ናት!»